ሁለት ቀን በመጠባበቂያ ወንበር

ወንድሜ በሮተርዳም ወደብ ሥራ አግኝቶ ሲዛወር ክፍሉ ባዶ ቀረ። በዚያው በጋ፣ በምንኖርበት በሄግ ከተማ ያለ የቴኒስ ክለብ ለውድድር የሚመጡ ተጫዋቾችን የሚያሳድሩ ቤተሰቦች ይፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ትንሽ ውድድር ሆቴል የሚከፍል የለም፤ ተጫዋቾች የሚያርፉት በሰው ቤት ነው። መምህር ነኝ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ቅጹን ያንኑ ቀን ሞላሁ። እናቴ የሰማችው አንዲት ተጫዋች ከተመደበችልን በኋላ ነው።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሠላሳ ሦስት።"

"እስካሁን ኳስ ትመታለች?"

"ሥራዋ ነው፣ እማዬ።"

"እሺ፣ ትምጣ። ንጹሕ አንሶላ አንጥፊላት።"

እንግዳችን ጃፓናዊት ነበረች። ከአምስተርዳም በባቡር መጥታ በራችን ላይ ለእናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እናቴም ጎንበስ አለች። እሷ ደገመች፤ እናቴም አልተበለጠችም። መጨረሻ ላይ ቀና ያለችው የትኛዋ እንደሆነች አላስታውስም።

እራት ላይ በእንግሊዝኛ አጫወተችኝ። ራኬት የያዘችው በስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ የኖረችው ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ስትዞር ነው፤ የእጅ አንጓዋም ከታመመ ቆይቷል። እዚህ ዋናው ውድድር ውስጥ ካልገባች እንደምታቆም ለአባቷ ነግራቸዋለች። ይህን ያለችኝ የባቡር ሰዓት እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ ነው።

በማጣሪያው አንዱን ጨዋታ አሸነፈች፤ በመጨረሻው ተሸነፈች። እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን የስፖርት ጫማዋን አጥልቃ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

"ተሸንፋ የለም እንዴ? ወዴት ልትሄድ ነው?" አለች እናቴ።

እኔ ማስረዳት እወዳለሁ። ለክፍሌ ልጆች እንደማደርገው በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኳት። አንደኛ፣ በመጨረሻው ማጣሪያ የተሸነፈች ተጫዋች በየጠዋቱ ሄዳ ትፈርማለች። ሁለተኛ፣ ለጨዋታ ለብሳ ሜዳው አጠገብ ትጠብቃለች። ሦስተኛ፣ ከዋናዎቹ ተጫዋቾች አንዷ ከቀረች ቦታዋን ትወስዳለች። የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ጨዋታ ከተጀመረ ግን አበቃ።

"ምን ሆና ትቀራለች?"

"ትታመማለች። ወይ እግሯ ይጎዳል።"

እናቴ ታውስዞርግ በሚሉት የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት። የሻይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የሰው ሕመም ነው እንዴ የምንጠብቀው?"

"እኛ እኮ አናሳምማቸውም።"

"ታዲያ ይህን ለእመቤታችን ምን ብዬ ልንገራት?" ጥቂት አሰበች። "በቃ፣ ለአንዷ ባል ይምጣላት። በጤናዋ ተሞሽራ ትሂድ።"

ይህን ስተረጉምላት እንግዳችን አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ሁለት ቀን እኔና እንግዳችን አንድ የሊንደን ዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጥን። ደመናው ከባሕሩ በኩል እየመጣ ያልፋል፤ ቀዩ የሜዳ አቧራ በጫማችን ላይ ይሰፍራል። የኳሶቹ ድምፅ ከአራት ሜዳ ሲመጣ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ከጊዜ በኋላ መስማቴንም እረሳዋለሁ። ነቅቼ ይሁን አሸልቤ የማላውቅበት ሰዓት ነበር። እሷ ሙዝ በግማሽ ትበላና ግማሹን መልሳ ትጠቀልላለች። ድንገት ብትጠራ ሆዷ እንዳይከብዳት ነው። ጨዋታ አታይም። የምታየው ከልብስ መቀየሪያው የሚወጡትን እግሮች ነው።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ረጅም ልጅ እያነከሰች ወጣች። ልቤ ዘለለ፤ የዘለለው በደስታ ነው። እንግዳችንን አየኋት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከጫማዋ ጠጠር አራገፈችና እየሮጠች ሄደች። አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ ሁለት ተጫዋቾች በጤናቸው ወጡ። የውድድሩ ኃላፊ ወደ ወንበራችን አይቶ እጁን በትንሹ ከፍ አደረገ። የመጀመሪያዋ ኳስ ተመታች፤ ድምፅዋ ከሌሎቹ አይለይም። ስለ ሌሎች ውድድሮች፣ ስለ እጅ አንጓ ሕክምና ልነግራት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። እሷ ግን የእጅ አንጓዋን ፋሻ ቀስ ብላ ፈትታ ጠቀለለችና ወንበሯን ወደ ሜዳው አዞረች።

እናቴ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ ደወለች።

"ምነው፣ የታመመች አለች?"

"ማንም አልታመመም።"

"ተመስገን" አለች፤ አመለጣት። "የኛዋ ልጅስ?"

"ጨዋታ እያየች ነው።"

"ሲያልቅ አምጫት። ትብላ።"

እስከ መጨረሻው አየች። በትራም ስንመለስ መስኮቱን ተደግፋ ተኛች፤ ቤት ስንደርስ ሁለት ሳህን በላች። የበጋዋ ፀሐይ ገና ስላልጠለቀች ምሽቱ እንደ ቀን ብሩህ ነበር፤ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። መምህር የሚኮነው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም በተራ ዘረዘርኩላት፤ ኮሌጅ መግባቱን፣ ፈተናውን፣ አንድ ነባር መምህር ከኋላ ተቀምጦ እያየ ተለማማጁ ማስተማሩን።

"ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"አራት።"

"አጭር ነው" አለች።

እናቴ ከውስጥ ተጣራች፦ "ነገ ቁርስ በስንት ሰዓት እንደምትፈልግ ጠይቂያት።"

ጠየቅኳት። እስካሁን የቁርሷን ሰዓት የሚወስነው የጨዋታው ሰሌዳ ነበር።

"አላውቅም" አለች። "ስነቃ።"