ጳጉሜ የሌለችበት ፕሮግራም

ትናንት ታናሽ እህቴ ስልኳን አፍንጫዬ ስር አስጠግታ «እትዬ፣ ይኼን እዪማ» አለችኝ። «በሦስት ወር ፕሮግራመር ይሁኑ» ይላል ማስታወቂያው። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይቶ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር ሰው መጥቶልን ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ፤ ሐሳቤ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። መምህሩ ግን «አራት ዓመት ንድፈ ሐሳብ ስትሸመድጂ ልታረጂ? እኔ ጋ ቆዪ፣ ሥራ ትይዣለሽ» አለኝ። አባቴም ተመርቀው ቤት የተቀመጡትን የጎረቤት መንደር የብልባላ ልጆች እያዩ ወደ እሱ አዘነበሉ። እኔ መምህሩንም ዩኒቨርሲቲውንም አላመንኩም። ሰው ሲያቻኩለኝ ድሮም ደስ አይለኝም። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ እስኪደርስ ግን ክረምቱን እሱ ጋ ልማር ገባሁ።

መምህሩ ኮዱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ በቃል እንይዛለን። ለዚህስ ማን ይስተካከለናል? ግማሾቻችን ዳዊት ደግመን ያደግን ነን። ነጥቡ ቅንፉ ሳይቀር እንደ ውዳሴ ማርያም አወረድነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስንጽፈው ይሠራም ነበር። ያስጠረጠረኝም እሱ ነው፤ ይሠራል፣ ለምን እንደሚሠራ ግን የሚናገር የለም።

የጻፍነው የእንግዳ ማረፊያ መመዝገቢያ ነበር። የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ውጪ በዝናቡ እየጨፈሩ፣ እኛ የበቆሎ ጥብስ እየፈለፈልን፣ የዕለቱን ቀን አስገባሁ፤ ጳጉሜ ሦስት። ማሽኑ አልቀበልም አለ።

«መምህር፣ ወሩ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ጳጉሜን እንጨምራት።»

«ተዪያት፣ አምስት ቀን ናት።»

«በዘመነ ሉቃስ ስድስት ናት። ዛሬ የመጣ እንግዳስ?»

«እስከ መስከረም ደጅ ይደር» አለ አንድ ዲያቆን ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ አልሳቀም። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያንኑ ኮድ ከመጀመሪያው ጻፈው። ያኔ ገባኝ፤ እሱም በቃሉ ነው የያዘው።

ቤት ገብቼ «አባዬ፣ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ» አልኩ።

«እዚያስ ጳጉሜን ያውቋታል?»

«እንጃ። ካላወቋት እመለሳለሁ።»

እዚያም አልጋ በአልጋ አልሆነልኝም። ኮምፒውተር ሳልነካ ሒሳብ ብቻ ስማር ከርሜ፣ ተታለልኩ እንዴ ብያለሁ። ከዚያ ስለ ማካፈልና ቀሪ ሲያስተምሩን እጄ ቆመ፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ ጳጉሜ ስድስት ናት። በዚያው ዕለት ጳጉሜን ጨምሬ ኮዱን ጻፍኩት። የጻፈችው ግን ያ ሰሌዳ ያፍታታት ጣቴ ናት፤ ይህንንም አልክድም።

እህቴን ተመዝገቢም አትመዝገቢም አላልኳት።

«ሂጂና አስተማሪውን ጳጉሜን ጨምርልኝ በይው።»

«ከዚያስ?»

«ፊቱን እዪ።»