የሞተ ሰው ድርሻ

ኮረብታውን «ሻኛ» እንለው ነበር፤ ካርታው ላይ ስሙ ሌላ ነው። ትእዛዙ ማታ መጣ፦ «ጎህ ሳይቀድ ያዙት!» ያዝነው። ረፋዱ ላይ ጥይት አለቀብን። እኩለ ቀን ላይ ተከበብን። ከጓዶቻችን ሰባቱ እዚያው ቀሩ፤ አራታችን ተማረክን። ጀግንነት አላወራላችሁም ልጆቼ፤ የኔ ጦርነት ከዚያ በኋላ የነበረው ነው።

መንገድ አሠሩን። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ እንፈልጣለን፣ ማታ ለአራታችን አንዲት ቂጣ ትሰጠናለች። ረሀብ ወንድምን ከወንድም ያባላል፤ ስለዚህ ደንብ አወጣን። አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ቆራሹ አንዷን ቁራሽ ነክቶ «ይህቺ ለማን?» ሲል፣ ጀርባውን የሰጠው የመጣለትን ስም ይጠራል። ማንም አይቀየምም። ከአራታችን አንዱ ተፈራ የሞተ ዕለት እንኳ ስሙን ጠራን፤ ድርሻው ለታመመው ለደምሴ ሆነ። ደምሴም አልቆየም። ሁለታችን ብቻ በሕይወት ወጣን።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል መጣሁና ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ ነርሲንግ ሆም፣ ማለት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። ጋሼ ፔትሮን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ዩክሬናዊ ናቸው፤ «ጋሼ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምግብ እምቢ ብለው አጥንታቸው ቀርቷል። የምግቡን ትሬ ሳቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሐኪሙ «እስከ ሰኞ ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባለን» አለ። ልጃቸው ከሮዝቪል ድራይቭ አድርጋ መጥታ ኮሪደር ላይ አለቀሰች።

«በልጅነቱ ጀርመኖች ወስደው የመድፍ ፋብሪካ ውስጥ በግድ አሠርተውታል» አለችኝ። «ካምፑ እዚያው ፋብሪካው ግቢ ነበር፣ በሽቦ የታጠረ። ከዚያ በላይ ነግሮኝ አያውቅም። ቱቦውን እንዳይነቅል እጁን ያስሩታል፤ እጁን ካሰሩት ደግሞ ይሞትብኛል።»

አንጀቴን በላችው።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውንና የፕላስቲክ ቢላዋውን ፊታቸው አስቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ካምፕ የትም ካምፕ ነው፣ ደንቡ አይጠፋቸውም ብዬ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ብታየኝ አብዷል ትል ነበር።

ቆይቶ ቢላዋው ትሬዩን ሲፍቅ ሰማሁ።

«ይህኛው ለማን?» አሉ፣ እንደኔው በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ለፔትሮ።»

«ይህኛውስ?»

«ለእኔ።»

«ይህኛውስ?»

ሰው አለቀብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ «ለተፈራ» ነው። ቀጥሎም «ለደምሴ»። ከዚያ ራሳቸው ይጠሩ ጀመር፦ «ለኢቫን። ለሚኮላ። ለስቴፋን። ለወንድሜ ለአንድሪ።» አንድሪ ላይ ሲደርሱ ቢላዋውን ሲያስቀምጡት ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ስምንት ቁራሽ፣ እኩል በእኩል ተደርድሯል።

«አንተም ካምፕ ነበርክ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«እናንተ ጋ የሞተ ሰው ድርሻ ለማን ነበር?»

«ለታመመ።»

አተኩረው አዩኝና ሳቁ። «እንግዲህ የታመምኩት እኔ ነኛ!»

የራሳቸውን በሉ። ከዚያ የኢቫንን አነሱ፣ ቀጥሎም የሌሎቹን። እኔም የድርሻዬን እያኘክሁ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ ምን አሳፈረኝ! ቱቦው ቀረ።

የሞቱብኝን ስቆጥር ኮረብታው ላይ ሰባት፣ መንገድ ሥራው ላይ ሁለት እል ነበር። አሁን የጋሼ ፔትሮን አራት ጨምሬ እቆጥራለሁ። ከነዚህ ውስጥ ስድስቱ ያን እሑድ አንድ ሽማግሌ አብልተዋል። ነፍስ ይማር።