ሳትሰማ ያለችው እሺ

ቢቸና ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን በተከራየኋት ጠባብ ክፍል፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍሁ ረዥም ዘመን ኖሬያለሁ። መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒውተር። ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት እዚያው ሰፈር ከፈተ። ጠበቃ መግዛት የማይችል ሰው ገብቶ መብቱን ይጠይቃል፣ ክርክር ካለበትም ተከራካሪ ይቆምለታል። የተመደበው የሕግ ባለሙያ ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙም ያልቆየ ቀጭን ወጣት ነበር። ሰው ሲያናግረው ብዕሩን አስቀምጦ ፊት ፊቱን ያያል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የወደድሁት በዚህ ጠባዩ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ራሱ ክፍሌ ድረስ መጣ። ኦሮምኛ እንደምችል የሻይ ቤቷ ሴትዮ ነግራው ኖሯል። እውነቷን ነው። አባቴ የሞጣ ሰው ቢሆንም በልጅነቴ ቤተሰቡን ይዞ ወለጋ ሄዶ ስለነበር፣ ያደግሁት ከኦሮሞ ልጆች ጋር ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ሞጣ ተመለስን። ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛዬ የተደበላለቀ ስለነበር፣ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣበት ጊዜ ረዥም ነበር። ከዚያ በኋላ አማርኛው ተቃና፣ ኦሮምኛው ደግሞ እዚያው ከለመደችው ከእናቴ ጋር ስንገናኝ ብቻ የምናወራው ሆነ።

«አንዲት ሴት መጥታ ምን እንደሆነች ማወቅ አልቻልሁም» አለኝ። «የምጠይቃትን ሁሉ እሺ ነው የምትለኝ።»

ተከትየው ሄድሁ። ሴትዮዋ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙ የሚያልፍ አይመስልም። ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። ጀርባዋ ላይ ሴት ልጅ አዝላለች፤ ልጅቱ እንኳ ከመታዘል ዕድሜ አልፋለች፣ እግሮቿ እስከ እናቷ ጭን ድረስ ተንጠልጥለዋል። ባለሙያው ውሃ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። «እሺ» አለች። ከየት እንደመጣች ጠየቃት። አሁንም «እሺ»፤ ድምፅዋ በጣም ትሑት ነው፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አከም ቡልቴ» አልኋት፤ እንዴት አደርሽ ማለቴ ነው።

ዞር ብላ ፊቴን ካየች በኋላ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስደገፈችበት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልጅቱም አብራ ትናወጥ ነበር። ባለሙያው ተነሥቶ በሩን ገጠም አደረገውና ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ።

ስትረጋጋ መናገር ጀመረች፣ ማቆሚያም አልነበራት። የሷ የሰላሌ ኦሮምኛ ነው፣ የኔ የወለጋ፤ አንዳንዱን ቃል እየደገመችልኝ ተግባባን። አገሯ ከዓባይ ማዶ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ወደ በረሃው የወረደ መንደር ነው። ባሏ ከቢቸና ገጠር ለአጨዳ ሥራ ተሻግሮ ሄዶ እነሱ ዘንድ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው ነበር። ኦሮምኛን እንደ አገሩ ልጅ ይናገራል። ወልደው ልጅቱ ዳዴ ብላ መቆም ስትጀምር ወደ አባቱ አገር ይዟት መጣ፤ የቆርቆሮ ቤት ሠሩ፣ ማሳቸውንም አብረው ድንጋይ ለቅመው አቀኑ። ከሱ ጋር በቋንቋዋ ስለምታወራ አማርኛ ለመልመድ አልቸኮለችም ነበር። ታሞ ሲሞት ግን ባሏን ብቻ ሳይሆን በዚያ መንደር ቃሏን የሚሰማትን አንድ ሰው አጣች። ለቀስተኛው ሲያጽናናት ምን እንደሚላት አታውቅም ነበር። ሁሉም የሚያዝንላት ይመስላታል፤ እሷም አክብሮት እንዳይጎድልባት ሁሉንም እሺ ትላለች።

ወደ ከተማ ያመጣት ጉዳይ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። በዋዜማው ከሚስቱ ጋር መጥቶ የልጅቱን ልብስ ሰብስቦ ልጅቱንም ሊወስድ ሲል፣ ልጇን አዝላ በሩን ጥላ ወጣች። አንዲት ጎረቤት አሳደረቻትና በማግሥቱ እዚህ አድርሳት ተመለሰች። ለምን ልጇን እንደሚወስዱባት አታውቅም።

ይህን እያወራን ሳለ የባሏ ወንድም ራሱ እሷን ፍለጋ ደረሰ። ዱላውን በር ላይ አስደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው የገባው። ቁጡ ሰው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ የቀላ፣ ጢሙን ለሐዘን ያሳደገ፣ ደክሞት የሚታይ ገበሬ ነው። ባለሙያው ወንበር ሰጠውና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀው።

ወንድሙ ከሞተ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነበር አለ። እሷ ወጣት ናት፣ እዚህ ዘመድ የላትም፤ ስለዚህ ወደ እናቷ ትሂድ፣ ልጅቱ ከአባቷ ዘመዶች ትቅር፣ ቤቱንና ማሳውን ደግሞ ቤተሰቡ ይያዝላት ተብሎ ሐሳብ ቀረበ። ሽማግሎቹ እሷን በይፋ ጠየቋት።

«እሺ ብላለች» አለ። «በሰው ፊት ነው ያለችው። እኔ አልቀማኋትም።»

ባለሙያው ወደኔ ዞረ። «ይህን ንገሪያት።»

ነገርኋት። መጀመሪያ የተሳሳትሁ መስሏት ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፣ ደገምሁላት። በዝግታ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በሁለት ክንዷ አቀፈቻት።

«በዚያ ቀን ሽማግሎቹ ሲጠይቁኝ» አለች፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ወደ አማርኛ ስመልሰው የባሏ ወንድም ወደ መሬት አቀረቀረ። ቀና ሳይል ሐሰት ነው አለ፣ ድምፁ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ባለሙያው ሁለቱንም በየተራ እያየ፣ እኔ እያስተረጎምሁ፣ ሕጉን አስረዳቸው። ባል የሞተባት ሴት ዘመድ የላትም ተብሎ ከቤቷ አትወጣም። አባት ሲሞት ልጅን የማሳደግ መብት የእናት ነው። ያልተረዱት ስምምነት አያስርም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ደግሞ አስተርጓሚ እንዲቆምለት መንግሥት ግዴታ አለበት። የመጨረሻውን ስነግራት ቃሉን አስቁማ ጠየቀችኝ፤ ዳኛ ፊት በራሷ ቋንቋ መናገር ትችላለች ወይ? ትችላለሽ አልኋት። የማንን ደጅ መጥናት እንዳለባት ጠየቀችኝ። የማንንም አትጠኚም አልኋት።

የባሏ ወንድም በሽምግልናው ውሳኔ ስለጸና ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። እስከ ቀጠሮው ድረስ እናትና ልጅ ያቺው ጎረቤት ዘንድ ከረሙ። በቀጠሮው ቀን መሐላ ፈጽሜ ላስተረጉም ቆምሁ። ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ብሆንም ችሎት ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ዳኛው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቀስ ብዬ እንድናገር፣ ያልገባኝ ካለ እንድጠይቅ፣ ከራሴ ምንም እንዳልጨምር ነገሩኝ።

እሷ ቃሏን ሰጠች። ቤቱን እንዴት እንደሠሩ፣ ባሏ ሲታመም ማን እንዳስታመመው፣ ሽማግሎቹ የመጡ ቀን የት ተቀምጣ እንደነበር ተናገረች። በገዛ ቋንቋዋ ስትናገር ሌላ ሰው ሆነች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ የሚሰማ፣ ነገር የሚያውቅ፣ አንዳንዴም ቆጣ የሚል ነበር። ያቺ ወንበር ጫፍ ላይ የነበረችው ሴት መሆኗን ማመን አቃተኝ።

ከዚያ በባሏ ወንድም ምስክርነት የተቆጠሩት የሽምግልናው አለቃ ገቡ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ በዚያ አገር የማያውቃቸው የለም። ዳኛው ወንበር እንዲቀርብላቸው አዘው፣ ሴትዮዋ ተስማምታ እንደነበር ጠየቋቸው።

«እሺ ብላለች» አሉ የኔታ። «እኔው ነኝ የጠየቅኋት።»

ባለሙያው ተነሥቶ ጥያቄ እንዲፈቀድለት ለመነ። «የኔታ፣ እርስዎ በምን ቋንቋ ነበር የጠየቋት?»

«በአማርኛ።»

«ትሰማ ነበር?»

የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሴትዮዋ ተመለከቱ፤ እሷም ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሰምታ እንደሆነ አልጠየቅሁም» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ቃልን ፈልቅቀህ እይ ስል ኖሬ፣ የዚችን ልጅ ቃል እንደወረደ ተቀበልሁ። እሷ በሐዘን ላይ ነበረች፤ እኛ ደግሞ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግን። ይህ ስምምነት ነው ብዬ አልምልም።»

የባሏ ወንድም ምስክር ሆነው የገቡ ሰው እንዲህ ይላሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ለእሷ ሳስተረጉምላት ተነሥታ በቆመችበት እጅ ነሣቻቸው።

ውሳኔው የተሰጠው በሌላ ቀጠሮ ነው። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ቤቱና ማሳው ከእጃቸው አይወጣም፤ የአባቷ ዘመዶች ልጅቱን መጠየቅ ይችላሉ። ባለሙያው እንደ ትልቅ ድል አልፎከረም፣ ወረቀቶቹን ሰብስቦ እጄን ጨብጦ ወደሚጠብቁት ሌሎች ባለጉዳዮች ሄደ።

እኛ ወደ ግቢው ወጣን። የባሏ ወንድም ባሕር ዛፉ ሥር ብቻውን ቆሞ ነበር። እኔ ሊሰድባት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ቀረብ ብሎ ግን እኔን ነው ያነጋገረኝ።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለ። «ልጅቱን ይዛ ዓባይን ልትሻገር ነው? ከወንድሜ የቀረችኝ እሷ ናት። ከሄደች አላያትም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው በዚያ ሁሉ ሙግት የፈራው ይህንን ነበር፤ ሊጠይቃት ግን ቋንቋ አልነበረውም። ነገርኋት። እሷም ለእኔ ሳይሆን ለእሱ፣ ፊቱን እያየች፣ በኦሮምኛ መለሰችለት፤ እኔ ከኋላዋ እየተከተልሁ አስተረጎምሁ።

«አባቷ የተቀበረው እዚህ ነው። የት እወስዳታለሁ? እናቴን ግን ማየት እፈልጋለሁ። ስሄድ መመለሴን እመነኝ።»

እሱ ራሱን ነቀነቀ። ማመኑ ይሁን መጠራጠሩ አልታወቀኝም።

መኸሩ እንደተሰበሰበ ልጇን ይዛ ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ደጀን ላይ መኪና እንደምትቀይር፣ ድልድዩን ተሻግራ ጎሐ ጽዮን እንደምትወርድ፣ ከዚያ በእግር መሆኑን እሷ ነበረች የምታስረዳኝ። ከሄደች በኋላ የባሏ ወንድም በየገበያው ቀን ክፍሌ ብቅ ይል ጀመር። የሚጻፍ ነገር የለውም። በሩን ከፍቶ ቆሞ ስለ ብርዱ ያወራና፣ ሊወጣ ሲል ነው ወሬ ሰምቼ እንደሆን የሚጠይቀኝ። አልሰማሁም ስለው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጾመ ነቢያት አለቀ፣ ጥምቀትም አለፈ። እኔም ብሆን ልቤ መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደጀን አውቶቡስ ሲገባ እኔ ከመናኸሪያው ማዶ ሎሚ እየገዛሁ ነበር። መጀመሪያ የወረደችው ልጅቱ ናት፣ በእግሯ። ከኋላዋ እናቷ፣ አንድ ሸክም በቅጠል የተጠቀለለ የኮባ ችግኝ ታቅፋ። የባሏ ወንድም ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ሰው መሐል ሰንጥቆ ደርሶ ልጅቱን ወደ ላይ አነሣት። ልጅቱ ጮክ ብላ በኦሮምኛ ታወራው ነበር፤ እሱም ምንም ሳይገባው «እሰይ፣ እሰይ» ይላታል። ሴትዮዋ እኔን ስታየኝ በእጇ ጠራችኝና ችግኙን አሸከመችኝ። ከዚያ ሁላችንም ወደነሱ መንደር ወደሚወስደው መንገድ እየተጨዋወትን ሄድን፤ እኔ ከመሐላቸው፣ ወዲህ ወዲያ እያስተረጎምሁ።