ነጠላውን ፎጣ ብዬ የጻፍኩበት የሶዶ ጉዞ

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወደ ወላይታ ሶዶ የተነሳሁት ለጋዜጣችን ሥራ አልነበረም። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ካረፈች ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው፤ ለሙት ዓመቷ በሚሰበሰበው ሰው ፊት የሕይወት ታሪኳ እንዲነበብ ፈለገና «ጋዜጠኛዋ አንቺ ነሽ፤ ጻፊው» አለኝ። እናቴ ባሏ በተዛወረበት ሁሉ ዕቃዋን ጠቅልላ የምትከተል ሴት ነበረች። ሶዶ የኖሩባቸውን ዓመታት ግን አላውቃቸውም፤ ያኔ አዲስ አበባ አዳሪ ተማሪ ነበርኩ። አባቴን ስለዚያ ጊዜ ስጠይቀው «እዚያው ሄደሽ ጠይቂ» ብሎ ፊቱን አዞረ። መጠየቅ ሥራዬ ነውና ሄድኩ።

አውቶቡሱ እስከ ሻሸመኔ ደህና ሄደ። እዚያ አድሬ፣ በማግስቱ ጨው የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ለመቀመጥ ሦስት ብር ከፈልኩ። ዝናቡ ገና ስላላባራ መንገዱ ጭቃ ነበር። ኩሊቶ አጠገብ የብላቴ ወንዝን ድልድይ አልፈን ብዙም ሳንርቅ መኪናው ሰመጠ፤ ከላይ የተጫኑት ሰዎች ወርደው ገፉት፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ ገፋሁ። ከሰዓት በኋላ ዳሞታ ተራራ ጫፉን ደመና ሸፍኖት ታየ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰትና በቆሎ ነው። የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ገና ማለፉ ስለነበር በየመንደሩ የታረደ በሬ ቆዳ ተወጥሮ ነበር።

ሶዶ

ያረፍኩት እትዬ ብርቄ ቤት ነው። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷም ገበያው መሐል የጨርቅ ሱቅ አላት። የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበረች። በር ላይ አይታኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ! አረማመድሽ ቁርጥ አስካለን! መኪና ትነጃለሽ?»

«አልነዳም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አረማመድሽ ብቻ ነው።»

ራት እስኪቀርብ ስለ እናቴ አወራችኝ። አንድ ቀን የጦሩን ጂፕ ከሹፌሩ ተቀብላ ገበያ ገባችና ቦዬ የሚሉት የሥራሥር ምግብ ክምር ላይ ወጣች። ወርዳ የጨፈለቀችውን ሁሉ ገዛች፤ ማታ ቀቅላ ለወታደሮቹ አበላች። ሻምበል «ምነው ዛሬ ቦዬ ብቻ?» ሲላት «ርካሽ አገኘሁ» አለችው።

«ሁምቦ ቆላ የሆነውን ነገር ግን እኔ አላየሁም» አለች እትዬ ብርቄ። «ያየው አቶ ጩፋሞ ነው። እዚህ አጠገብ ሻንቶ ነው ያለው፤ ሂጂና ጠይቂው።»

ሻንቶ

አቶ ጩፋሞ ያኔ የጦሩን በቅሎዎች የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። አሁን የበቆሎ ነጋዴና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ከጦሩና ከገበያ ነው።

«ግባ፣ ግባ፣ የአስካለ ልጅ!» አሉኝ ከደጃፍ ተነስተው። «ሚስቴ ገበያ ሄደ፤ አሁን ይመጣል። ምነው ቀጠንክ? አዲስ አበባ ምግብ የለም?»

ፈገግ አልኩ። ከጊፋታ የተረፈ ሥጋ ዳጣ በሚሉት የቃሪያ ድልህ አቀረቡልኝ፤ ዳጣው ዓይኔን አስነባው። እሳቸው በእንባዬ እየሳቁ ጀመሩ።

«ጦሩ ሁምቦ ቆላ ሰፍሯል። ወባ ገባ፤ ወታደሩ ሁሉ ወደቀ። ኪኒን ያለው ሶዶ ነው። ይዘን ወረድን፤ ሐመሳ ወንዝ ሞልቷል! እኛ ወንዶቹ ዳር ላይ ቆምን። እሱ ግን ኪኒኑን በነጠላ ጠቀለለ፣ ራሱ ላይ አሰረ፣ የበቅሎ ጭራ ያዘ፣ ገባ። አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይታያል። ወዲያ ማዶ ወጣ!»

ጻፍኩ። ታሪኩ ጥሩ ነበር፤ እኔ የመጣሁት ግን ለአባቴ ታሪክ አልነበረም።

«አቶ ጩፋሞ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ እናቴ ነው።»

«ስለ እሱ ነው እኮ የምነግርህ» አሉኝ።

የድሮ የጦር ሰው ስለ ጦር ሲያወራ መመለሻ የለውም ብዬ አሰብኩ። ሊቀጥሉ ሲሉ የምሄድበት መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ አቋረጥኳቸው። አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። እስከ መንገድ ሸኙኝ።

እሑድ

እትዬ ብርቄ እናቴን የሚያውቁ የከተማውን ሴቶች ጠርታ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ የመጡ አስተማሪዎችና ነጋዴዎች ናቸው። የጻፍኩትን ሰምተው ስሕተት ካለ እንዲያርሙኝ ጠየቅኋቸውና ማንበብ ጀመርኩ። ጂፑ ላይ ሳቁ። ሁምቦ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦ «አባቴ ኪኒኑን በፎጣ ጠቅልሎ ራሱ ላይ አስሮ፣ የበቅሎ ጭራ ይዞ፣ ወደ ሞላው ሐመሳ ገባ።»



«ማን ገባ አልሽ?» አለች እትዬ ብርቄ።

«አባቴ።»

«አባትሽ! አባትሽማ ወዲያ ማዶ በወባ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል! ኪኒኑ ለእሱ አይደል እንዴ የሚሄደው?»

«አቶ ጩፋሞ ‹እሱ› ነው ያሉኝ።»

«ጩፋሞ እኔንም ‹እሱ› ነው የሚለኝ! ሚስቱንም ‹እሱ› ነው! አንቺንስ ምን ብሎ አስገባሽ?»

«ግባ» ብለው ነበር ያስገቡኝ። ይህን ስነግራቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ አስተማሪ እንባዋን እየጠረገች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ፊቴ ነደደ። አቶ ጩፋሞ ያሉት «ነጠላ» ነው። ማስታወሻዬ ላይም የጻፍኩት ነጠላ ነው። ማታ ስገለብጠው መኮንን ነጠላ አይጠቀልልም ብዬ ነጠላውን ፎጣ አደረግኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። ከዚህ ላነሰ ነገር የጀማሪ ጋዜጠኞችን ጽሑፍ ቀድጄ አውቃለሁ። የእናቴን ታሪክ ፍለጋ ያን ያህል መንገድ ተጉዤ፣ ታሪኩ እጄ ሲገባ ወንዝ የምትሻገር ሴት በሐሳቤ አልመጣችም። ያውም ያሳደገችኝ ሴት።

በማግስቱ ሻንቶ ተመለስኩ። አቶ ጩፋሞ ስሕተቴን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«አማርኛዬ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«የለም፣ ጆሮዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያቋረጥኩዎትን ይጨርሱልኝ።»

ካቆሙበት ቀጠሉ። እናቴ እንደ ረጠበች ወታደሮቹን በየተኙበት እየዞረች፣ ኪኒኑን በገዛ እጇ አፋቸው ውስጥ እየጨመረች አስዋጠቻቸው። ለባሏ የሰጠችው መጨረሻ ላይ ነው። ሲማጠናት «አንተ አለቃ አይደለህ? ተራህን ጠብቅ» አለችው። እኔ በየዐረፍተ ነገሩ «እሷ ናት?» እያልኩ አስቸገርኳቸው።

«እሱ፣ እሷ!» አሉ በመጨረሻ እየሳቁ። «አስካለ! አስካለ በል፤ ያልቃል።»

መመለስ

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ጽሑፉን ለአባቴ አነበብኩለት። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሻንቶና ሶዶ ላይ የደረሰብኝን ነገርኩት፤ አልሳቀም።

«አንድ ነገር ጨምሪ» አለኝ። «ውሃው ትንሽ ሲጎድል እኔን በቅሎው ላይ በገመድ አስራ፣ ልጓሙን ይዛ አሻገረችኝ። ሶዶ ስንደርስ አዛዡ ‹በዚያ ሙላት ኪኒን አሻግረህ ሰው ያዳንክ አንተ ነህ› ብሎ በሰልፍ ፊት ጨበጠኝ። ወሬው ተዛብቶ ደርሶት ነው። እሷ ከኋላዬ ቆማለች። ዝም አልኩ። እስካሁን ዝም ብያለሁ።»

«ልጻፈው?»

«ጻፊው። ጓደኞቼ ባሉበት አንብቢው።»

ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ትምህርት ለጋዜጠኛ የሚያኮራ አይደለም፦ የምጠይቀው ያልገባኝን ብቻ ነበር፤ የገባኝ የመሰለኝን መጠየቅ የጀመርኩት ከሶዶ መልስ ነው።

በሙት ዓመቱ ቀን የአባቴ የጦር ጓደኞች ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሰልፉ ጋ ስደርስ ዓይኔን ከወረቀቱ ማንሳት አልደፈርኩም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰምቼ ቀና አልኩ። አባቴ ብድግ ብሎ፣ እጆቹን ከጎኖቹ አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጎኑ ያሉት እጅጌውን እየሳቡ «ተቀመጥ እንጂ፣ ሻምበል» አሉት። አልተቀመጠም። አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ሰማ።