በምዕራፍ ሁለት የገደልኳት እናቴ

ወንድሜ ኪቦርድ ይጫወታል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ያለ እሱ የሚደምቅ ሰርግ የለም። እኔ ሰመራ አማርኛ አስተምራለሁ። የሌሎችን መጽሐፍ ማስተማር ሲሰለቸኝ፣ የእሱን ልጅነት ልብ ወለድ አድርጌ አሳተምኩት።

ችግሩ የወንድሜ ልጅነት ለመጽሐፍ አይመችም። ጠግቦ ነው ያደገው። ከወሎ መጥታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት የከፈተችው እናታችን ኪቦርዱን የገዛችለት፣ ሳህን በማንኪያ እየደበደበ ደንበኛ ሲያባርርባት ነው። የእኔ ጀግና ግን ወላጅ አልባ ሆነ። እናቱን በምዕራፍ ሁለት በሳንባ በሽታ ቀበርኳት። ልጁን እንደራበው የአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጬ ዋሽንት አስነፋሁት። ወንድሜ ዋሽንት ይዞ አያውቅም።

እናቴ መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨርሳ ደወለች።

«ገደልሽኝ?»

«እማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«በሳንባ? እኔ ያለብኝ ስኳር ነው!»

«ባለ ተሰጥኦ ልጅ መከራ ካላየ አንባቢ አያምንም።»

«መከራውንማ ያየሁት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት አንድ ዘፈን ሲደጋግም የሰማሁት እኔ!» ብላ ዘጋችብኝ።

ስለዚህ ሰመራ ለተደረገው የመጽሐፉ ምረቃ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። ከጀርባ ሽፋኑ በቀር መጽሐፉን ያላነበበው የክብር እንግዳ ስለ መጽሐፉ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ጥበበኛ ወልደው በአጭር ለተቀጩት እናት የኅሊና ጸሎት እናድርግ» አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ከኋላ አንዲት ሴት ብቻ እንደተቀመጠች ቀረች። እናቴ ነበረች፤ አጠገቧ ወንድሜ አፉን በእጁ ይዞ ይስቃል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ተቀመጡ» አለች።

ሳቁ አላባራ አለ። የክብር እንግዳው ሊጨብጣት ሮጠ። ካሜራውም ተከተለው። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ብቀመጥም፣ ሰዉ መጽሐፌን እያነሳ እሷን ያስፈርማል። እሷም አላፈረችም፤ ፈረመች።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ወንድሜ ድንገት፣ «አንቺ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለሽም» አለኝ።

«ጀግናው ብቸኛ መሆን ነበረበት።»

«ከኔ ጋር ኪቦርዱን ተሸክመሽ ሰርግ ለሰርግ የዞርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ደራሲ ነኝ እያልኩ ራሴን ረስቻለሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄዱ፤ እኔም ወደ ማስተምርበት ክፍል።