ሚስተር ተሰማ ይምጡ

ከሐዋሳ የወጣሁ ዕለት ማታ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ እኔ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እሰፋ ነበር። ደንበኛዬ ናት፤ አሜሪካ ልሄድ ነው ብዬ ሠርጓን ላበላሽባት? እናቴ «አንቺ ልጅ፣ የምትሄጂው አሜሪካ ነው ወይስ ጉልት?» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ጨርሼ፣ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ሱቁን ቆለፍኩ። በሩ ላይ «ብርቱካን ልብስ ስፌት» ይላል። ስሜ ነው። ሰሌዳውን ሳስጽፍ ባልሽ ማነው ያለኝ አልነበረም።

ባሌ ግርማ በዲቪ ቀድሞኝ ዳላስ ገብቶ የራሱን ታክሲ ይነዳ ነበር። እዚህ ያሉ ወንዶቻችን አፋቸው አንድ ነው፤ «የራሴ አለቃ ነኝ!» አንዱ ታክሲ አለው፣ አንዱ የጭነት መኪና። እኛ ሚስቶቻቸውስ? ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እናሽጋለን፣ ኤርፖርት ዊልቸር እንገፋለን። ሮም ላለችው እህቴ ደውዬ ባማርር፣ «እዚህም ያው ነው። ባሌ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ እኔ የሰው ቤት እወለውላለሁ። አውሮፓ ይሻላል ያለሽ ማነው?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

መጋዘኑ የሐይቅ ነፋስ ነክቶት የማያውቅ ምድጃ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቀሚሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «ብርቱኬ፣ እቺን ወገቧ ላይ አጥብቢልኝ፣ ጌታ ይባርክሽ።» ቤት ውስጥ ስለምሰፋ ሥራ አይባልም። ግርማ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ «በትርፍ ጊዜዋ መርፌ ትነካካለች» ይላል። ትነካካለች!

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ኢኮኖሚው ወድቆ ሱቆች ባዷቸውን ቀሩ። ወደ ፕሌኖ መሄጃ አንዲት ጠባብ ሱቅ አየሁና፣ ከደሞዜ ያጠራቀምኩትን ይዤ ባለቤቱ ዘንድ ሄድኩ። ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሽማግሌ ነው። መታወቂያዬን አገላብጦ አየ።

«ሚስስ ተሰማ፣ ሚስተር ተሰማ ለምን አልመጡም?»

«ተሰማ አባቴ ነው። ሞቷል።»

«አዝናለሁ። እና ባልሽ?»

«ባሌ ግርማ ወልዴ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ሚስስ ወልዴ አልሆንሽም?»

«ወልዴ የእሱ አባት ነው። እኔን አልወለደኝም!»

ሰውየው ጢሙን አሻሸ። እኛ አገር ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትኖራለች ብዬ ባስረዳው፣ ጭራሽ ያልተጋባን መሰልነው። «ለማንኛውም አንድ ሚስተር ይምጣ» አለኝ። ሱቁ አቧራ እየጠጣ፣ እኔ ገንዘቤን ይዤ ቆሜ፣ የጠፋው ሚስተር ነው!

ግርማን ይዤው ተመለስኩ። ሽማግሌው ክር ከገመድ ለይቶ የማያውቀውን ባሌን እጁን ጨብጦ ስለ ልብስ ስፌት ይጠይቀው ጀመር። ግርማም ይመልሳል! ውሉ በእሱ ስም ወጣ። በሩ ላይም «ግርማ ቴይለር» ተጻፈ፤ ልብስ ሰፊው ግርማ ማለት ነው!

መኪና ውስጥ አልቻልኩም። «ለምን በስሜ ይሁን አላልክም?»

«ሶ ምን ችግር አለው? ማለቴ፣ ያው አንድ ቤት አይደለን?»

«አንድ ቤት ከሆንን በእኔ ይሁና!»

«ክሬዲት ቼክ የሚያደርገው፣ የዕዳ ታሪክ የሚያየው የእኔን ነው፣ ኦኬ? ሱቁን አገኘሽ፣ ስም ምን ያደርግልሻል?»

እምቢ ብል ወደ ካርቶኑ ልመለስ ነው። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን ተከልኩና መስፋት ጀመርኩ። ደንበኛ ይገባል፤ «ግርማ የለም?» ይለኛል፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ።

እናቴን ብሥራት ልነግራት ደወልኩ። ለካ ግርማ ቀድሞኝ ለወላጆቹ ነግሯል፤ ወሬው ሐዋሳን ዞሮ እሷ ጋ ደርሷል።

«እልልል! ግርማ ሱቅ ከፈተልሽ አሉ! እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? ደህና አድርገሽ ያዥለት።»

«እማዬ፣ ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«እሱማ አንቺም ታግዢዋለሽ።»

የሐዋሳውን ሱቅ ማን እንደከፈተው ይቺው ሴትዮ በዓይኗ አይታለች።

«ያ ሰሌዳዬ አለ?» አልኳት።

«አለ፤ ለዶሮዎቹ ቤት በር አድርጌዋለሁ። ምነው?»

«አውልቂና ላኪልኝ።»

«እንዴ! ዶሮዎቼን አውሬ ይብላቸው? የባልሽ ስም ተለጥፎ የለ እንዴ?»

«አውልቂው አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩ። የስልክ ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ትስማኝ፣ አትስማኝ፣ አላውቅም።