እታለማሁ ሳትቀምስ የሠራችው ወጥ

ዳንግላ ውስጥ ሠርግ ያሰበ ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት እታለማሁን ነው የሚይዛት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ድግስ ስትሠራ ኖራለች። ከእጇ ሌላ ሰውነቷንም ሰው ያምነው ነበር። «ወጥ ሠሪ ከሲታ ከሆነች ወይ ስስታም ናት፣ ወይ የሠራችውን ራሷም አትወደውም» ይላሉ ሴቶቹ። እታለማሁ መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ ነበረች።

ይሄ ውፍረት ሲያስከብራት ኖሮ ከአርባ ዓመቷ ወዲያ ዞረባት። መጀመሪያ ጉልበቷን ያዛት፤ ቀጥሎ ስኳር መጣ። ስትተኛ ትንፋሿ ቁርጥ እያለ ባሏን ሽባባውን ያስደነግጠው ጀመር። ዓይኗ ብዥ ሲልባትና ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን አብራ ስትከትፍ ግን ፈራች። ባህር ዳር ሄዳ ታየች።

ያያት ዶክተር ስማቸው የሚባል ሽበታም ሐኪም ነው። ጨጓራን በኦፕራሲዮን የሚያሳንስ፣ ከአዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ለኦፕራሲዮኑ ይመለሳል፤ ያኔ ካለፋት ለስድስት ወር አታገኘውም።

«ስኳሩንም ሊያበርድልሽ ይችላል» አላት። «ግን ጉበትሽ ስብ ጠጥቶ አብጧል፣ ጨጓራሽ ላይ ተኝቶበታል። እሱ ካልሸሸ ቢላዬ አያልፍም። አምስት ኪሎ ቀንሰሽ ነይ። አለዚያ አልነካሽም።»

ይሄን ለመረዳት አልተቸገረችም። ሙክት ሲታረድ ስንቴ አይታለች! የሰባ በግ ጉበት ዳለቻ ሆኖ እጅ ላይ እንደሚያንሸራትት ታውቃለች። «የኔም እንደዚያ ሆነ?» ብላ ሆዷን ያዘች።

የምግብ ባለሙያዋ ሶስና አንድ ወረቀት ሰጠቻት። ፊት ለፊቱ ላይ «አራት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ» ይላል። ዝርዝሩ ጀርባው ላይ ነበር። እታለማሁ ፊቱን አነበበች፤ ጀርባውን አልገለበጠችም።

ዳንግላ ተመልሳ ከሽባባው በቀር ለማንም አልተናገረችም። «ጾም አቅቷት ሆዷን አስቀደደች» እንዳይሏት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንጀራ ተወች። ቆሎ እንኳን ተወች። ሽባባው ብቻውን ሲበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በአስራ አምስተኛው ቀን ባህር ዳር ሄዳ ሚዛን ላይ ወጣች። መቶ ሃያ ሰባት።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለች።

«ሚዛኑ ደህና ነው እትዬ» አለቻት ሶስና። «ምን ምን ነበር የሚጠጡት?»

«ፈሳሽ ነዋ! እህል በአፌ አልዞረም።»

«እሺ፣ ጠዋት ጠዋት?»

«አጥሚት። ትንሽ ቅቤ ጣል አድርጌበት።»

«ምሳስ?»

«የበግ መረቅ።»

«ስቡ ተገፍፎ?»

«ስቡ ከተገፈፈ ምኑን መረቅ ሆነ?»

«ውሃ ሲጠማዎትስ?»

«ብርዝ። ማሩ ንጹሕ ነው፣ ከባንጃ ነው የሚመጣልኝ። ጠላ አልነካሁም። ማለቴ… ሰንበቴ ላይ ብቻ።»

ሶስና በያዘችው ፋይል አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «እትዬ እታለማሁ፣ ይሄ እኮ አራስ የሚቀለብበት ነው!»

እታለማሁም አብራት ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ መጣ። «አስራ አምስት ቀን ሙሉ ተራብኩ ብዬ ራሴን ሳደልብ ከረምኩ?»

ሶስና ወረቀቱን ገልብጣ አንድ በአንድ አነበበችላት። ቅባቱ የወጣለት ወተት፣ ዘይት ያልነካው የተጠለለ የአትክልት ሾርባ፣ ውሃ። የስኳር መድኃኒቷንም ለሐኪም አሳይታ አስተካከለችላት።

«አሁን ስድስት ኪሎ፣ በሁለት ሳምንት» አለች ሶስና። «ከባድ ነው። አንድ ጉርሻ እንኳን አይፈቀድም።»

ችግሩ በመሃል ሠርግ ነበረባት። ግምጃ ቤት ከተማ የሚኖረው አቶ ዓባይነህ ልጁን ሲድር ወጡን ልትሠራለት ቃል ከገባች ሦስት ወር ሆኗታል። ቃሏን መብላት አልቻለችም። የሥራ ጓደኛዋን ፋናን ይዛ ሄደች።

አርባ ዶሮ ነው። ሽንኩርቱ ገና መቁላላት ሲጀምር እጇ በራሱ ማማሰያውን አንስቶ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገ። መዳፏ አፏ ጋ ሲደርስ ነቃች። በሽርጧ ጠረገችውና አፏን ከነአፍንጫዋ በሻሽ አሰረች። ሴቶቹ ጉንፋን ይዟት መሰላቸው።

ከዚያ ወዲያ በጆሮዋ ነበር የሠራችው። ቁሌቱ ውሃውን ሲጨርስ ድምፁ ይለወጣል፤ በርበሬው ሲበስል ዓይን መቆንጠጡን ይተዋል። ሃያ ዓመት ስትቀምስ ይሄን ሁሉ ልብ አላለችውም ነበር። ጨው ላይ ግን ጆሮም ዓይንም አይረዳም።

«ፋና፣ እስኪ ቅመሺልኝ።»

«ምላስሽን ለማን አከራየሽው?»

«ቅመሺ አልኩሽ!»

«ትንሽ ይቀረዋል። ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?»

በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ወጡ ወደ ዳሱ ከመግባቱ በፊት የቤቱ ትልቅ ሴት ወጥ ሠሪዋን በሰው ፊት ታጎርሳለች። ወጥ ሠሪዋ ካልጎረሰች ድስቱ አይነሳም። የዓባይነህ እናት እማማ ዘውድነሽ ወጡ የሚንጠባጠብ ጉርሻ ይዘው መጡ።

«ፍቺው ያንን ጨርቅ። በሞቴ!»

«እማማ፣ ይቅርብኝ።»

«በሞቴ አልኩሽ እኮ!»

እታለማሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ወጥ ሠሪዋ ያልበላችውን እንግዳዬ ሊበላው ነው?» አሉ አሮጊቷ። ከኋላ አንዷ፣ «ወይ አበላሽታዋለች፣ ወይ የጨመረችበት ነገር አለ» ስትል ተሰማ።

አንዲት ጉርሻ ናት። ሶስና ባህር ዳር ናት፣ ማን ያያታል? ስሟም ይተርፍ ነበር። ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ነው ነገሩ፤ አንዱን ከተቀበለች ሁለተኛው እንደማይቀር ታውቃለች። እሷም ካልቆመች በቀር ማንም እንደማያስቆማት ታውቃለች። ሻሿን ፈታች።

«እማማ፣ ልንገርዎት። ከስምንት ቀን በኋላ ሆዴን ልቀደድ ነው፣ ጨጓራዬን ሊያሳንሱልኝ። እህል ከቀመስኩ ሐኪሙ አይነካኝም። ስኳሩ ዓይኔን እየወሰደው ነው። ዓይን ከሌለኝ ደግሞ ወጥ የለም።»

«ለመክሳት ብላ ልትታረድ?» አለች ያችው የኋላዋ።

እማማ ዘውድነሽ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩና የሚሰሙት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እታለማሁ አዊኛ አትሰማም፤ ፋናን አየቻት።

«‹እኔ ጥርስ አጣሁ ብዬ ሳለቅስ፣ እሷ ጥርስ ሳላት ሆድ አጣች› ነው የሚሉሽ» አለቻት ፋና።

አሮጊቷ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀስ ብለው አላመጡ፤ ሁሉም እሳቸውን ያያል። ዋጡና አፋቸውን ጠረጉ።

«ጨዉ ልክ ነው። ድስቱ ይነሳ።»

በቀጠሮዋ ቀን ሚዛኑ መቶ ሃያ ሁለት አለ። አንድ ኪሎ ቀራት። እታለማሁ ከሚዛኑ አልወርድ አለች፣ ቆማ ብትቆይ የሚቀንስላት ይመስል። ዶክተር ስማቸው አስተኝቶ በአልትራሳውንድ ሆዷን ረጅም ጊዜ አየ።

«ጉበትሽ ሸሽቷል። ነገ ጠዋት ትገቢያለሽ» አላት።

ሆዷን ከተቀደደች አሁን አምስተኛ ወሯ ነው። ሠላሳ ኪሎ ቀንሳለች፤ ስኳሯም ወርዶላታል። ኦፕራሲዮኑ ግን ሁሉንም ነገር አልጨረሰላትም። ቫይታሚኑን ዕድሜዋን ሙሉ ትውጣለች። ምግብ ላይ ውሃ አትጠጣም። አንድ ቀን ቸኩላ ሳታላምጥ ብትውጥ ደረቷን ይዟት ስታስመልስ ዋለች። ከደንበኞቿ ሁለት ቤት ትተዋታል፤ «ከስታለች፣ እጇም ከስቶ ይሆናል» ብለው ነው። ሌሎቹ ይጠሯታል፤ ፋና ትቀምስላታለች፣ እሷም አንዳንዴ በምላሷ ጫፍ።

የከበዳት ገበታው ነው። ከሽባባው ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል። አሁን እሷ አራት ጊዜ ጎርሳ ትጠግባለች። እሷ እጇን ስታነሳ እሱም ያነሳል። ሳይታወቃት እሱም ከስቶ ሱሪውን በገመድ ማሰር ጀምሯል።

«አንተ ብላ እንጂ! አንተን ማን ቀደደህ?»

«ብቻዬን መብላት አልለመድኩማ።»

እታለማሁ የታጠበችውን እጇን አየችው። ጠግባ ነበር። ተመልሳ ገበታው ላይ ተቀመጠችና እንጀራውን ለእሱ እየቆረሰች፣ ወጡን ወደ እሱ እየገፋች ወሬ ጀመረች። ሽባባው እየሰማ ይበላ ጀመር። ትሪው ባዶ እስኪሆን አልተነሳችም።